ስንት አለፈ ከማለታችን በፊት ማን ገባ? (ስለ ባሕር ዳር የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ውጤት)

የአባይ ማዶው (ይህን ውይይት የከፈተው) ቅዳሜ ማታ 2፡10

ሰላም ጎረቤቶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ልጄ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍል ናት። ስሙን አልጠራም። ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) ውስጥ ገብቻለሁ። የተመረጥኩት አርፍጄ ስለደረስኩ ነው። ያረፈደ ሰው እምቢ ማለት ያፍራል።

ባለፈው ስብሰባ የ12ኛ ክፍል ውጤት ተነሣ። አንድ አባት ብድግ ብለው «እዚያ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የእኛን እጥፍ አሳልፏል። የእኛዎቹ መምህራን ምን ሲሠሩ ከረሙ?» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መምህራኑ ወለል ወለሉን ያያሉ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽም።

ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። ቡና እያፈላች ነበር። ቀና ሳትል «አባዬ፣ እዚያ ያሉት እኮ ብዙዎቹ እናታቸው ቤት የሚያድሩ ናቸው» አለችኝ። እነሱ ክፍል ግን ከገጠር መጥቶ፣ ተከራይቶ፣ ራሱ አብስሎ የሚማረው ብዙ ነው። «መምህሩማ እዚህም እዚያም መምህር ነው። ልጁ ነው የሚለየው» አለች።

ጭብጨባዬ አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይዞኛል። በመጨረሻ ስንት እንዳለፈ በፐርሰንት እንለጥፋለን። 9ኛ ክፍል ሲጀመር ማን እንደገባ የቆጠረ ሰው ግን አለ? ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ እስከዚያ በምን ቋንቋ ሲማር እንደነበር? መምህራን ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ጠመኔ ቅዳሜ ማታ 2፡48

መምህር ነኝ፣ ሒሳብ። የእርስዎ ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይሆን እንጂ፣ ከሆነ ወለሉን ካዩት አንዱ እኔ ነኝ።

ለጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው፤ አይቆጠርም። ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ይመዘገባል። ፎርሙ ማኅደር ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ከውጤት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያየ ሰው በእኔ ዘመን አላጋጠመኝም።

ቋንቋውን ስላነሡት ግን ትንሽ ላውራ። 9ኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ብዙውን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ቆይቶ ነው የሚመጣው። መስከረም ላይ ከአማርኛው በቀር መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ነጋዴ ጤፍ በዚህን ያህል ብር ገዝቶ ከመቶ 15 አትርፎ ቢሸጥ፣ መሸጫው ስንት ነው? በእንግሊዝኛ ስጽፈው ከስልሳ ምናምን ልጅ እጅ የሚያወጡት የፊት ወንበር ላይ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ደምስሼ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ክፍሉ ጫካ ይሆናል። ሁሉም እጁን ያወጣል። ቅዳሜ ገበያ ከእናቱ ጋር ቆሞ የዋለ ልጅ ትርፍ ማስላት ይጠፋዋል እንዴ?

ፈተናው ግን በአማርኛ አይመጣለትም።

ከአዊ የሚመጡት ደግሞ አሉ። ቤታቸው አገውኛ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸው አገውኛ። አማርኛው ለእነሱ ሁለተኛ ነው፣ እንግሊዝኛው ሦስተኛ። አንዱን አስታውሳለሁ፤ ሒሳቡን ከእኔ ቀድሞ የሚጨርስ ልጅ ነበር። ጥያቄውን አንብቦ እስኪጨርስ ግን ደወል ይደወላል። ያ ልጅ ሮስተር ላይ «41» ነው። ሌላ ነገር አይጽፍም ሮስተሩ።

ከኬጂ ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲሰማ ያደገ ልጅም እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔ ለሁለቱም 40 ደቂቃ ነው ያለኝ።

የሽምብጥ እናት ቅዳሜ ማታ 3፡05

መምህር፣ እርስዎ ጥሩ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፍዎ ያስታውቃል። ግን አንድ ነገር ልበል፣ እንዳይቀየሙኝ።

የእኔ ልጅ ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው። ራቱን በልቶ ነው የሚተኛው። የፊዚክስ መምህሩ ግን ወደ ሁለት ወር ገደማ አልነበሩም። ምትክ አልመጣም። ልጆቹ በዚያ ክፍለ ጊዜ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ከረሙ። ሄጄ ስጠይቅ ምን ተባልኩ መሰላችሁ? «እናቴ፣ የዘንድሮ ልጆች መሠረት የላቸውም»!

ፈራሁ እኔ። ልጆቹ ድሃ ናቸው፣ ከገጠር ናቸው፣ ቋንቋ አይችሉም እያልን ስናዝንላቸው መዝጊያ ሰበብ እንዳይሆን። የድሃ ልጅ ነው ብሎ ማዘን አንድ ነገር ነው። የድሃ ልጅ ነው ብሎ መተው ሌላ ነው። ልጁን ከቆጠራችሁ መምህሩንም ቁጠሩ። ስንት ቀን ገባ፣ ስንት ቀን ቀረ።

ጠመኔ ቅዳሜ ማታ 3፡11

እቀበላለሁ። ይቆጠር።

ቁጥር ወዳጅ ቅዳሜ ማታ 3፡40

ስለ «እጥፍ አሳለፈ» አንድ ነገር ልጨምር። ሥራዬ ከቁጥር ጋር ነው፣ ስለዚህ ትንሽ አድክሜያችሁ ነው።

2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ነበሩ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909። የወቅቱ የትምህርት ሚኒስትር ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ሲናገሩ አገር የደነገጠባት 3.3 ፐርሰንት ይቺ ናት። ግን ለሁለት ክፈሏት። ናቹራል ከወሰዱት 339,642 ውስጥ 22,936 አለፉ፤ ከመቶ 6.8 ማለት ነው። ሶሻል ከወሰዱት 556,878 ውስጥ ደግሞ 6,973 ብቻ፤ ከመቶ 1.3።

አሁን ሁለት ትምህርት ቤት አስቡ። ሁለቱም 400 ልጅ አስፈተኑ። መምህሮቻቸው እኩል ናቸው እንበል፤ ናቹራሉም ሶሻሉም በሁለቱም ቤት ልክ እንደ አገሩ አለፈ። አንደኛው 300 ናቹራል፣ 100 ሶሻል አለው። ከናቹራል 20፣ ከሶሻል 1፣ በድምሩ 21 ልጅ ያልፋል። ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው፤ 100 ናቹራል፣ 300 ሶሻል። 7 እና 4፣ በድምሩ 11 ልጅ።

21 እና 11። አዳራሹ ያጨበጨበላት እጥፍ ይቺው ልትሆን ትችላለች። መምህር ሳይቀየር፣ መጽሐፍ ሳይቀየር፣ ማን የት ክፍል እንደተቀመጠ ብቻ።

የአባይ ማዶው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ይቺን ጠይቅ። እዚያ ማዶ ናቹራሉ ስንት ነው?

የአባይ ማዶው ቅዳሜ ማታ 3፡52

ወይ ጉድ። እኛ ጋ ሶሻሉ እንደሚበዛ አውቃለሁ። ልጄም ሶሻል ናት።

ጠመኔ ቅዳሜ ማታ 4፡02

ቁጥር ወዳጅ፣ ስሌቱ ልክ ነው። ግን ትምህርቱ ስለተለየ ብቻ አይደለም ልዩነቱ። ናቹራል ማን ይገባል? በሒሳብ የሚተማመን ልጅ። አጋዥ መጽሐፍ የሚገዛለት ልጅ። ቤተሰቡ «ዶክተር ትሆናለህ» የሚለው ልጅ። የቀረው ሶሻል ይገባል። ጂኦግራፊና ታሪክ ስለሚወድ የሚገባ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ጥቂት ነው። ብዙው ፊዚክስን ሸሽቶ ነው። ሸሽቶ የገባበት ቦታ ደግሞ ሒሳብና እንግሊዝኛ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።

ማለቴ፣ ናቹራልና ሶሻል ብለን ስንቆጥር በአንድ በኩል ያለውን እና የሌለውን እየቆጠርን ነው።

ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ነው። በየዓመቱ ተፈታኞቻቸውን በሙሉ ወይም ወደ ሙሉ አሳለፉ ተብለው የሚጠሩት ብዙዎቹ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ደስ ይላል፣ ጎበዞች ናቸው። ሲገቡ ግን በፈተና ተመርጠው ነው፤ ራትና መብራትም አላቸው። እኔ ጋ የሚመጣውን ልጅ አልመርጥም። በር ከፍቼ ነው የምቀበለው።

የድሮው የጨርቃ ጨርቅ ልጅ እሑድ ጠዋት 1፡20

ከቅዳሴ መልስ አነበብኳችሁ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። በእኛ ጊዜ ክፍላችን ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ አብረን ነበርን። በታንኳ ጣናን ቀዝፎ የሚመጣም ነበር። መጽሐፍ አንዱን ለሦስት። ሆኖም እንግሊዝኛችን ከዛሬው የተሻለ ነበር። በሩሲያ እርዳታ የተሠራው ፖሊ ገብተን ከፈረንጅ ጋር እናወራ ነበር። የዛሬ ልጅ ስልክ ይዞ ይውላል። ድህነት ድሮም ነበር ልጆቼ።

ቁጥር ወዳጅ እሑድ ጠዋት 2፡05

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ጥያቄ። አብረውዎት 1ኛ ክፍል ከጀመሩት ስንቱ 12ኛ ደረሰ?

የድሮው የጨርቃ ጨርቅ ልጅ እሑድ ጠዋት 2፡30

(ቆጠርኳቸው።) እኔ እስከማስታውሰው አምስት። ስድስተኛው ታሞ ቀረ።

ቁጥር ወዳጅ እሑድ ጠዋት 2፡41

አዩ ጋሼ። እርስዎ ያስታወሱት ከብዙ ወንፊት ያለፈውን ክፍል ነው።

የዛሬዎቹ ወንፊት በቅርብ ጊዜ ነው የተነሣው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው 2011 ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል ወይ ቤቱ ይቀመጣል፤ 12ኛ ክፍል ፈተና አጠገብ አይደርስም። 2012 ላይ 10ኛ የነበረው ልጅ ግን ያለ ብሔራዊ ፈተና 11ኛ ገባ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ይህ ልጅ የተፈተነው የትኛውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው? የ2014ን! ያ ፈተና ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆነ፤ ኩረጃው ተዘጋ።

ወንፊቱ ተነሣ፣ ዓመቱ ተቆረጠ፣ ኩረጃው ቆመ፤ ሦስቱም አንድ ልጅ ላይ። ከዚያ 3.3 ወጣ። ትምህርቱ ደህና ነበር ማለቴ አይደለም። ደህና አልነበረም። ግን ያቺን ቁጥር ከ2010 ጋር አጠገብ አስቀምጦ «ትውልድ ጠፋ» ማለት ጤፍን ከነገለባው መዝኖ ከተበጠረው ጋር ማወዳደር ነው።

አወያይ እሑድ ጠዋት 3፡00

አንድ አስተያየት አንሥቻለሁ። ስለ አንድ ርዕሰ መምህር በስም የተጻፈ ነበር። ስም አይጠራም። እንዲሁም የዓሣ ዋጋ የጠየቃችሁ ወንድም፣ የዓሣው ውይይት ከታች ነው። (ቆረሶ በፆም ማግሥት መግዛት ሞኝነት ነው፤ እኔም ሞኝ ነኝ።)

ስንቅ ተሸካሚ እሑድ ከሰዓት 8፡15

ይህን ውይይት ትናንት ማታ ጀምሬ እያነበብኩ እጄን ሲበላኝ ነበር። ስለ እኔ ነው የምታወሩት። ከዓመታት በፊት።

እኔ የይልማና ዴንሳ ገጠር ልጅ ነኝ። መሰናዶ ፍለጋ ባሕር ዳር መጣሁ። አራት ልጆች ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። ጭቃ ቤት፣ አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል። አልጋ የለም፤ መደብ ላይ ሁለት፣ መሬት ላይ ሁለት። ተራ ነበረን፣ የአልጋም የምግብም።

ምግብ ማለት ስንቅ ነው። እናቴ ድርቆሽ አድርቃ፣ ሽሮና በርበሬ ቋጥራ ትሰጠኛለች። ዓርብ ከትምህርት በኋላ እስከ አዴት በመኪና፣ ከዚያ በእግር። እሑድ ያንን ተሸክሞ መመለስ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚጥለኝ ለዚህ ነበር። መምህሬ «ማታ ሲዞር አድሮ ነው» ይል ነበር። ዞሬማለሁ፣ ተራራውን።

ሐሙስ ላይ ስንቅ ያልቃል። ሐሙስና ዓርብ የረሃብ ቀን ናቸው። ለዚህ ነው ዓርብ የሚሰጥ ፈተና የምጠላው። አሁን ሳስበው የሰኞ ውጤቴና የዓርብ ውጤቴ የሁለት ሰው ይመስላል።

አከራያችን ክፉ ሴት አልነበሩም። ግን ማታ 3 ሰዓት ሲሆን መብራት ያጠፋሉ። ቆጣሪው የእሳቸው ነው። እኛ ደብተር ይዘን እንወጣለን። ዘንባባ የተተከለበት ትልቁ መንገድ ላይ የመንገድ መብራት አለ። እሱ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያነብ ብቻዬን አልነበርኩም፤ በየምሰሶው ሥር ሁለት ሦስት ልጅ ታገኛለህ። ከጣና የሚነሣው ትንኝ ገጽ እንድትገልጥ አይፈቅድልህም። የከተማ ሰው ሲያልፍ «እነዚህ የፈተና ሰሞን ናቸው» ይላል። የፈተና ሰሞን አልነበረም። ጥቅምት ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሣ፣ ማንም ስላላነሣው። ኅዳርና ታኅሣሥ። ጤፍ ሲደርስ አባቴ ብቻውን ነው። አልሄድም ብል ስንቁ ከየት ይመጣል? ሄድኩ፣ አጨድኩ፣ ወቃሁ። ስመለስ ሮስተሩ ላይ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ። የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ደግሞ ጥር ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ አጨዳ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ርዕሰ መምህሩ ራሱ የገበሬ ልጅ ነው!

አልፌያለሁ እግዚአብሔር ይመስገን። ከአራታችን ግን ያለፍነው ሁለት ነን። አንዱ፣ ከሁላችንም ጎበዝ የነበረው፣ 12ኛ ላይ ስንቁ ቆመ። አባቱ ሞቱ። ሄደ፣ በዚያው ቀረ።

የሽምብጥ እናት እሑድ ከሰዓት 8፡40

ልጄ ዕንባዬን አመጣኸው። እኔም ሁለት ክፍል አከራያለሁ። አንዱ ውስጥ ተማሪዎች አሉ። መብራት አጠፋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አላጠፋም። ቆጣሪው ይሂድ እንግዲህ።

ባለ ባጃጁ እሑድ ከሰዓት 9፡30

ተሳፋሪ እስኪሞላ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ቢስት ይቅርታ።

ሁላችሁም ስንት አለፈ ስንት ወደቀ ትላላችሁ። እኔ በየትኛው ነኝ? 11ኛ ላይ አቆምኩ። አባቴ ታመመ፣ ባጃጅ ያዝኩ፣ የቀን ገቢ ለባለቤቱ ማስገባት አለብኝ። ፈተና አልወሰድኩም። ስለዚህ አልወደቅኩም! ሃሃ። ከእኔ ጋር ያቆሙ የክፍሌ ልጆች ብዙ ናቸው። አንዱ ቆሎ ይሸጣል፣ አንዱ ግንበኛ ነው፣ ሁለቱ የት እንደገቡ አላውቅም።

የገባኝ ነገር ግን አለ። እኛ ደካሞቹ ስንወጣ ለትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው አይደል? ብንቀመጥ ኖሮ እንወድቅ ነበር። ፐርሰንቱን እናወርደው ነበር። ስንቀር ፐርሰንቱ ከፍ አለ። ትምህርት ቤቱ ጎበዝ ተባለ።

ሞላልኝ፣ ሄድኩ።

ቁጥር ወዳጅ እሑድ ከሰዓት 9፡47

ባለ ባጃጁ፣ እኔ ዓመታት ተምሬ የማስረዳውን አንተ ተሳፋሪ እስኪሞላ አስረዳኸው።

ይኸው በአገር ደረጃም አለ። 2014 ከመቶ 3.3፣ 2015 3.2፣ 2016 5.4፣ 2017 8.4 ሆነ። ከ3.3 ወደ 8.4 ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ያለፉትን ልጆች ቁጠሩ ደግሞ፤ ከ29,909 ወደ 48,929፣ አንድ ተኩል እጥፍ ከፍ ብሎ ነው። ጥሩ ጭማሪ ነው፣ አላጣጥልም። የቀረው ከየት መጣ? የተፈታኙ ቁጥር ከ896 ሺህ ወደ 585 ሺህ ገደማ ወረደ። አካፋዩ ሲያንስ ድርሻው ይበዛል። የ5ኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ከጎደሉት ውስጥ የእኛ ክልል ልጆች ስንት እንደሆኑ እያንዳንዳችን በየቤታችን እናውቀዋለን። በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው፣ ዓመት ሁለት ዓመት ደብተር ያልያዙ። እነሱም እንደ ባለ ባጃጁ ናቸው። አልወደቁም።

አሥራ ሁለተኛ ሲ እሑድ ማታ 1፡15

ሰላም። እኔ ተማሪ ነኝ፣ ሶሻል። ከላይ የተጻፈውን አነበብኩ። መምህር፣ ሁላችንም ፊዚክስ ሸሽተን አይደለም፤ እኔ ታሪክ ስለምወድ ነው። (ጥቂት ብለዋል፣ አይቻለሁ። ከጥቂቶቹ ነኝ።)

ትልልቆቹ ስለ ወንድ ልጅ ስንቅ ብዙ ጻፋችሁ። ስለ እኛ ማንም አልጻፈም።

እናቴ እንጀራ ለሆቴል ታስረክባለች። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንኩ ጠዋት እጋግራለሁ። ውኃ በቧንቧ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ 8 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ጄሪካን እሞላለሁ። ወንድሜ ይተኛል። እኔን የሚበልጠኝ በአንድ ዓመት ነው። ክፍል ስደርስ ጭስ ጭስ እሸታለሁ። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይኔ ይከደናል፤ እንግሊዝኛ ነው።

ማጠናከሪያ ትምህርት ቅዳሜ ነው የሚሰጠው። ሮስተሩን እዩት፤ ቅዳሜ ሴቶች አንመጣም። መምህራን «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ይላሉ። ቅዳሜ ልብስ ይታጠባል። ገበያ ይወጣል። ማን ያጥብ? ረቡዕ ቢሆን እመጣ ነበር። ይህን ለመናገር እንኳ የጠየቀን የለም።

ወርክሺት በቴሌግራም ይላካል። ካርድ የሌለው ከሌላ ሰው ስልክ ላይ በእጁ ይገለብጣል። ወር አበባ ሲመጣ ደግሞ ሞዴስ የሌላት ልጅ ሦስት ቀን ትቀራለች። ይህን መጻፍ ያሳፍራል ግን እውነት ነው። በወር ሦስት ቀን ዓመቱን ሙሉ አስሉት፣ ቁጥር ትወዳላችሁ አይደል።

አንዲት ጓደኛ አለችኝ፣ ሰው ቤት ሠራተኛ ናት። የማታ ነው የምትማረው። 20 ዓመቷ ነው፣ አሁን 9ኛ። ከእኔ በላይ ታነባለች። አሠሪዋ እንግዳ ሲመጣባት ትቀራለች። የእሷን ውጤት ከማን ጋር ነው የምታወዳድሩት?

ጠመኔ እሑድ ማታ 1፡40

ልጄ፣ ስለ ሶሻሉ ይቅርታ። ስለ ቅዳሜው ደግሞ አፈርኩ። «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ያልኩት እኔ ልሆን እችላለሁ። ብያለሁ። ነገ ለዩኒት ሊደራችን አነሣዋለሁ፣ ረቡዕ ይሁን ብዬ።

የድሮው የጨርቃ ጨርቅ ልጅ እሑድ ማታ 2፡00

እኔ ከጠቀስኳቸው አምስት ልጆች ሴት አልነበረችም። አሁን ነው ልብ ያልኩት።

የአባይ ማዶው እሑድ ማታ 2፡25

እሺ። እኔ የጠበቅኩት ሁለት ሦስት መልስ ነበር። አሁን ግን ሥራ ሰጣችሁኝ።

እንዲህ አሰብኩ። በነሐሴ 9ኛ ክፍል ምዝገባ ላይ ወተመህ አንድ ገጽ ፎርም ያዘጋጃል። 8ኛን የት ተማርክ፣ በምን ቋንቋ፣ ከማን ጋር ትኖራለህ፣ ስንት ሰዓት ትጓዛለህ፣ ከትምህርት ውጭ ምን ትሠራለህ። ከዚያ በየመንፈቁ ውጤቱን ከዚያ ጋር አንድ ላይ እናያለን። ከገጠር የመጣው 9ኛ ሲገባ የት ነበር፣ 10ኛ ላይ የት ደረሰ? ከፍ ካለ መምህሩ ሠርቷል ማለት ነው፣ 50 ባይሞላም። ከከተማው ልጅ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነው የምናወዳድረው። የመምህራንን ቀሪም እንይዛለን፣ የሽምብጥ እናት እንዳሉት።

ጠመኔ እሑድ ማታ 2፡38

ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን። ክፍል ውስጥ እጅ አውጡ ተብሎ አይጠየቅ። አንድ ጊዜ «ደብተር መግዣ የሌላችሁ ተነሡ» ተብሎ አይቻለሁ፤ አንድ ልጅ ሳይነሣ ቀረ፤ እሱ ነበር የሌለው። ሁለተኛ፣ ፎርሙ በስም እንዳይለጠፍ። ሰሌዳ የሚወድ ሰው ብዙ ነው እኛ ጋ።

ስንቅ ተሸካሚ እሑድ ማታ 2፡50

ኅዳርን አትርሱ። «አጨዳ ትሄዳለህ ወይ» የሚል ጥያቄ ይግባ። የምትሄዱ ከሆነ ማስታወሻ የሚይዝላችሁ ማን ነው በሉም። ፎርሙን ለማባዛት የፎቶ ኮፒውን እኔ እችላለሁ።

የሽምብጥ እናት እሑድ ማታ 2፡58

«ራት በልተህ ነው የምታድረው ወይ» የሚልም ይግባ። ዋናው እሱ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ሲ እሑድ ማታ 3፡06

እትዬ፣ እሱን አታስገቡት። ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው።

የአባይ ማዶው እሑድ ማታ 3፡09

ታዲያ ምን ብለን እንጠይቅ?

አሥራ ሁለተኛ ሲ እሑድ ማታ 3፡14

«ማን ነው የሚያበስልልህ» በሉት።